የምንተነፍሰው አየርና የማኅበራችን ሚኒባስ

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በናይሮቢ በሱቅ ንግድ በሚተዳደሩ አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



 

ኮሚቴው ሱቅ ከፍተን የምንተዳደር አባላት በዚህ በዓል ላይ አንድ ነገር እንድንናገር ጋብዞናል። ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ እድራችን፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ከእኛ የተሻሉ ተናጋሪዎች አሉ። እኛ የመረጥነው ከጠዋት እስከ ማታ በራችን ላይ ሆነን የምናየውንና የምናሸተውን ነገር፣ ማለትም የመኪና ጭስን ነው። ምሁራን አይደለንም። ነገር ግን በኢስሊም ሆነ በሌላው የናይሮቢ ሰፈር መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ሰው ጭስ ምን እንደሆነ መጽሐፍ ሳይከፍት ያውቀዋል። ጠዋት የጠረግነው መደርደሪያ ከሰዓት በኋላ ጥቁር አቧራ ለብሶ እናገኘዋለን። ዕቃው ላይ ያረፈውን በጨርቅ እንጠርገዋለን፤ ሳንባችን ውስጥ የገባውን ግን በምን እንጠርገዋለን?

ነገሩን ዛሬ የምናነሳበት ሌላም ምክንያት አለን። ሁላችሁም እንደምታውቁት ለዚህ ኢዮቤልዩ መታሰቢያ አባላት በየአቅማችን አዋጥተን ማኅበሩ አንድ ሚኒባስ እንዲገዛ ተስማምተናል። ልጆችን ወደ ትምህርት፣ አዛውንቶችን ወደ ሐኪም ቤትና ወደ ለቅሶ የሚያደርስ መኪና ያስፈልገናል። በቀረበው ሐሳብ የሚገዛው ያገለገለ የናፍጣ ሚኒባስ ነው። ከመግዛታችን በፊት ጉባኤው አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያስብበት እንለምናለን። ልመናችን በስሜት ብቻ እንዳይመስል ምክንያታችንን በተራ እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እንገልጻለን።

ጭስ ስንል ዓይን የሚያየውን ጥቁር ደመና ብቻ ማለታችን አይደለም። ዋናው ጠላት የማይታየው ነው። ባለሙያዎች ፒኤም 2.5 የሚሉት ብናኝ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም። የሰውን የራስ ፀጉር ውፍረት ወደ 30 ቦታ ብንከፍለው አንዱን ክፋይ ያህል ማለት ነው። ከማነሱ የተነሳ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ደም ያልፋል። አስምና ሳልን ብቻ ሳይሆን የልብ ሕመምን፣ ስትሮክንና የሳንባ ካንሰርን የሚያስከትለው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ለዓመት አማካይ የፈቀደው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 10 ማይክሮግራም ነበር። በ2021 ግን ጉዳቱ ከታሰበው በላይ መሆኑን አይቶ ወደ 5 ዝቅ አደረገው። ይኸው ድርጅት ከቤት ውጭና ከቤት ውስጥ ብክለት የተነሳ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ከአዋቂ ይልቅ የሚጎዳው ሕፃን ነው። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ሳንባው ገና በማደግ ላይ ነው፣ ቁመቱም ለመኪናው ማርሚታ ቅርብ ነው።

ሚዛናችን ትክክል እንዲሆን ጭሱን ሁሉ በመኪና ላይ አንከምርም። በናይሮቢ ቆሻሻ በየሰፈሩ ይቃጠላል፤ የዳንዶራን የቆሻሻ ክምር የማያውቅ የለም። ከሰልም ይነዳል፣ መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተር ይነሳል፣ አስፋልት የሌለው መንገድ አቧራውን ያነሳል። ነገር ግን የመኪናውን ጭስ ልዩ የሚያደርገው የሚወጣው ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ በአፍንጫችን ትይዩ መሆኑ ነው። ከፋብሪካ ረጅም ጭስ ማውጫ የወጣ ጭስ ወደ ላይ ይበተናል። ከማታቱ የወጣ ጭስ ግን መንገድ ዳር ቆሞ በቆሎ የሚጠብስ፣ ሙዝ የሚሸጥ፣ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሰው ላይ ይወርዳል።

መኪኖቹስ ለምን እንዲህ ያጨሳሉ? አብዛኞቹ ሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ ማለትም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ናይሮቢ ጊጊሪ የሆነው፣ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም መሸጣቸውን ገልጿል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የመጡት ወደ አፍሪካ ነው። ኬንያ በዚህ ረገድ ከብዙ አገሮች የተሻለች ናት፤ ከ8 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና በሞምባሳ ወደብ እንዳይገባ ትከለክላለች። ይሁን እንጂ ከገባ በኋላ 15 እና 20 ዓመት ይሠራል። ፖምፓው ሲያረጅ፣ ፊልትሮው ሳይቀየር ሲቀር፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ጭስ ማጣሪያ በውስጡ ስላለው ውድ ብረት ሲባል ተነቅሎ ሲሸጥ፣ መኪናው እየነዳን የምናየው ያው መኪና ይመስላል እንጂ ጭሱ ሌላ ሆኗል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2015 በናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ በሚሊዮን ክፍል ከ50 እንዳይበልጥ ማድረጋቸው ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ንጹሕ ነዳጅ ብቻውን ያረጀ ሞተርን አያድስም።

በዚህ ላይ መጨናነቁ አለ። መኪና በቆመበት ሲንቀሳቀስ የሚሄደው ኪሎ ሜትር ዜሮ ነው፤ የሚያቃጥለው ነዳጅ ግን ዜሮ አይደለም። ከተማው መንገድ አልሠራም ማለት አንችልም። የቲካ መንገድ በ2012 ሰፍቶ ተመረቀ፤ 27 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የክፍያ ፈጣን መንገድ በ2022 በላያችን ተዘረጋ። ሆኖም ከሥር ባለው መንገድ ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት ያለውን ሁኔታ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መንገድ ሲሰፋ መኪናም አብሮ ይበዛል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከአቅማችን በላይ ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? እንዲህ እንዳንል የሚያደርገን ምሳሌ በራሳችን ዘመን አይተናል። ማኅበራችን ሲመሠረት በዚህ ከተማ ማደያዎች የሚቀዳው ቤንዚን እርሳስ ያለበት ነበር። እርሳሱ የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ ቢታወቅም፣ ማጣሪያ ፋብሪካውን መቀየር ውድ ነው፣ አሮጌ ሞተር ይበላሻል፣ አፍሪካ አቅሙ የላትም ይባል ነበር። በ2001 የአፍሪካ አገሮች ዳካር ላይ ተሰብስበው ለመተው ተስማሙ። በ2006 መጀመሪያ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በሙሉ ትተውት ነበር። በ2021 አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና ስታቆም በዓለም ላይ እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን የሚሸጥ ማደያ አልቀረም። ሞተሮቻችን አልቆሙም፤ ንግዳችንም አልተዘጋም።

አሁን ደግሞ ቀጣዩ እርምጃ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ጥቅሙን በአጭሩ እንናገር። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጎማውን ለማዞር የሚያውለው ከአራት እጅ አንዱን ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ለጎማው ያደርሳል። ፍሬን ሲያዝም የተወሰነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ማርሚታ የለውም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፣ ፍሪሲዮን አይበላበትም። በመጨናነቅ ውስጥ ሲቆም ሞተሩ አብሮ ይቆማል።

አንዳንዶች፣ ጭሱን ከመንገድ አንስተን ኃይል ማመንጫው ጋ መውሰድ አይሆንም ወይ ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሰል አቃጥሎ መብራት በሚያመነጭ አገር ቢሆን ክርክሩ ክብደት ነበረው። በኬንያ ግን ከሚመነጨው መብራት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሚገኘው ከናይቫሻ አጠገብ ካለው የኦልካሪያ የእንፋሎት ጉድጓድ፣ ከወንዝ ግድቦች፣ ከቱርካና ሐይቅ አካባቢ ነፋስና ከፀሐይ ነው።

ከዚህም ሌላ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ የሚደርስ 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር አለ። በዚህ መስመር ኢትዮጵያ ከኅዳር 2022 ጀምሮ ለኬንያ መብራት ትሸጣለች፤ የመጀመሪያው ውል 200 ሜጋ ዋት ነበር። ታላቁ የኅዳሴ ግድባችንም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በመስከረም 2025 ተመርቋል። ከእኛ መካከል ለዚያ ግድብ ቦንድ የገዛን ብዙዎች ነን። ናይሮቢ ውስጥ የሚሞላ ባትሪ ከአገራችን ወንዝ የመጣ ድርሻ አለበት ማለት ነው። ናፍጣው ግን እዚህም አገር ቤትም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በመርከብ የሚመጣ ነው።

አገራችን በዚህ ነገር ከብዙዎች ቀድማ ተንቀሳቅሳለች። በጥር 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችን ሁለቱንም ይነግሩናል። የነዳጅ ወረፋ የሰለቸው ሰው ቤቱ ቻርጅ አድርጎ በመውጣቱ ደስ ብሎታል። በሌላ በኩል መለዋወጫ ማግኘትና ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ማግኘት ይቸግራል፤ ክፍለ ሀገር ለመውጣትም ቻርጅ ማድረጊያው ገና አልተዳረሰም። ከጎረቤታችን ሩዋንዳ ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ ኪጋሊ ላይ አዲስ የሚመዘገብ ባለ ሞተር ታክሲ ኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ እንበል። የናፍጣ መኪና ሁሉ በኤሌክትሪክ መኪና ቢተካ ጭሱ ይጠፋል እንጂ መጨናነቁ አይጠፋም። አንድ ሰው ብቻውን የያዘው የኤሌክትሪክ መኪና በመንገድ ላይ የሚወስደው ቦታ ያንኑ ያህል ነው። የጎማና የፍሬን ብናኝም ጨርሶ አይቀርም። ስለዚህ የእኛ አስተያየት ገንዘብ ያለው ሰው ለግሉ የሚያምር የኤሌክትሪክ መኪና ይግዛ የሚል አይደለም። መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ነው፤ አውቶቡሱ፣ ማታቱው፣ ቦዳ ቦዳው፣ ዕቃ አመላላሹ። ብዙ ሰው የሚጭን አንድ አውቶቡስ ብዙ መኪና ከመንገድ ያስቀራል። በናይሮቢ ባሲጎ የተባለው ድርጅት በ2022 የኤሌክትሪክ አውቶቡስ አምጥቶ፣ ባለንብረቱ የባትሪውን ዋጋ በአንድ ጊዜ እንዳይከፍል በሄደበት ኪሎ ሜትር ልክ እንዲከፍል የሚያደርግ አሠራር ጀምሯል። አነስተኛ ቫኖችም ወደ ገበያው መግባት ጀምረዋል። ስለዚህ ለማኅበራችን የምንጠይቀው ነገር የሌለ ነገር አይደለም።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ እኛ ነጋዴዎች ነንና። ለስሌት እንዲመቸን ሚኒባሱ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። አንድ ሊትር ናፍጣ 8 ኪሎ ሜትር ቢያስኬደው በቀን 12 ሊትር ተኩል ይፈልጋል። ሊትሩን በ180 ሽልንግ ብናስብ 2,250 ሽልንግ ይሆናል። በዚህ አገር ሊትሩ በ2023 ከ200 ሽልንግ ማለፉን አንረሳም። ይኸው መንገድ በኤሌክትሪክ ሲሄድ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል ብለን አንዱን በ25 ሽልንግ ብናስብ 750 ሽልንግ ይሆናል። ልዩነቱ በቀን 1,500፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 450,000 ሽልንግ ነው። የእኛ መኪና በየቀኑ 100 ኪሎ ሜትር ላይሄድ ይችላል። ግማሹን ከሄደ ትርፉም ግማሽ ነው፤ 225,000 ሽልንግ። ዘይት፣ ፊልትሮና ፍሪሲዮን በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። በሌላ በኩል የኤሌክትሪኩ መግዣ ዋጋ ከፍ ያለ መሆኑን አንክድም። ለዚህ ነው በአንድ ጊዜ ከመግዛት ይልቅ በኪሎ ሜትር የሚከፈለውን መንገድ ኮሚቴው አብሮ እንዲመረምር የምንጠይቀው።

ከአባላት የሰማናቸውን ሥጋቶችም እናንሳ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እንዳይሆንብን የሚሉ ታላላቆቻችን አሉ፤ ልክ ናቸው፣ መጠንቀቅ ይገባል። መብራት ቢጠፋስ? በነሐሴ 2023 አገሩ በሙሉ እንደጨለመ እናስታውሳለን። ነገር ግን ባትሪው የሚሞላው ሌሊት መኪናው ቆሞ ሳለ ነው፤ አንድ ምሽት ቢጠፋ የከተማ ውስጥ ጉዞ አይቋረጥም። መንግሥትም ከ2023 ጀምሮ ለኤሌክትሪክ መኪና የተለየ ታሪፍ አውጥቶ የሌሊቱን ዋጋ ቀንሷል። ባትሪው ቢያረጅስ? በአንድ ቀን አይሞትም፤ የሚይዘው ኃይል ከዓመት ዓመት ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ ስንዋዋል የባትሪውን ዋስትና ስንት ዓመትና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በጽሑፍ መያዝ ግዴታ ነው። ሞምባሳ ወይም ሞያሌ ለመሄድስ? ለዚያ ዓይነት ጉዞ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አውቶቡስ መከራየት ይሻላል። ለሁለት ቀን ጉዞ ብለን ዓመቱን ሙሉ በልጆቻችን በር ላይ ናፍጣ ማቃጠል አይገባንም።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የሚኒባሱ ግዢ ለሦስት ወር ይቆይ። ኮሚቴው ቢያንስ ከሁለት አቅራቢዎች የኤሌክትሪክ ቫን ዋጋ፣ የባትሪ ዋስትናና የጥገና ውል ይዞ ይቅረብ፤ ከናፍጣው ጋር ጎን ለጎን እናወዳድረው።

ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ለአማርኛ ትምህርት ልጆች ስናመጣ በአንድ ሰፈር ያለን ቤተሰቦች በአንድ መኪና እናምጣ። በአዳራሹ በር ላይ የሚጠብቅ ሾፌርም ሞተሩን ያጥፋ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ እንዲያውም ያተርፋል።

ሦስተኛ፣ ለእኛ ለባለ ሱቆች። ዕቃችን በአብዛኛው ከአንድ መጋዘን አካባቢ ይነሳል። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ፒክአፕ ከምንልክ፣ በሳምንት የተወሰነ ቀን በማለዳ፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ በአንድ ላይ እናስጭን። ለዚህ ስድስት ሱቆች ለመጀመር ተስማምተናል።

አራተኛ፣ ካርቶንና ፌስታል ከሱቅ ጀርባ ማቃጠል ይቅር። ካርቶን የሚገዛ አለ። ጀኔሬተር የምንጠቀም ደግሞ አቅም በፈቀደ ወደ ኢንቨርተርና ባትሪ እንለውጥ፤ ለሱቅ መብራትና ለሂሳብ ማሽን ይበቃል።

ይህን ሁሉ ብናደርግ የናይሮቢ አየር ነገ ይጠራል ብለን አናታልላችሁም። ከተማው ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ነው፣ የእኛ ማኅበር አንድ መኪና ነው የሚገዛው። ነገር ግን ያ መኪና የሚቆመው በልጆቻችን መማሪያ በር ላይ ነው። እዚያ በር ላይ የሚወጣውን ጭስ የሚወስን ከንቲባም ሚኒስትርም አይደለም፤ እኛው ነን። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ጥቂት ሰዎች በወር ጥቂት ሽልንግ እያዋጡ የጀመሩት እድር ዛሬ ስንቱን ቤተሰብ እንደደገፈ ታውቃላችሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው ነው የጀመሩት። ለልጆቹ የሚቀርላቸው መኪናም በዚያው መንፈስ የተመረጠ ይሁን።

ተቀብላ ያኖረችንን ኬንያንና አገራችን ኢትዮጵያን ፈጣሪ ይባርክ። ለማኅበራችን ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።